ለአላህ ብሎ የሚሠራ ሰው ሥራ መምረጥ ይገባዋልን?

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በሠርግም በሐዘንም ቤት ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «አንድ የኸይር ሥራ ብሠራ እወዳለሁ፤ ግን የትኛው ይሆነኛል?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ሰነፎች አይደሉም። አብዛኞቹ ደመወዝተኞች፣ አነስተኛ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና የቤት እመቤቶች ናቸው። ዘካ የሚወጣበት ሀብት ባይኖራቸውም ቅዳሜ ከሰዓት ወይም በመግሪብና በዒሻ መካከል አንዲት ሰዓት ትተርፋቸዋለች። ያቺን ሰዓት በከንቱ ማሳለፍ ከብዷቸዋል።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭርና ቁጣ ያዘለ ነው። «ለአላህ ብሎ የሚሠራ ሰው አይመርጥም፤ የተሰጠውን ይሠራል። የሚመርጥ ከሆነ የሚያገለግለው የገዛ ነፍሱን ነው» ይባላል። ጠያቂውም አፍሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ወይ ምንም ሳይሠራ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ የማይችለውን ተሸክሞ በሁለተኛው ወር ይጠፋል። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። የሚስማማንን የበጎ ፈቃድ ሥራ መፈለግ የነፍስ ቅብጠት ሳይሆን የኃላፊነት አንዱ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ነቃፊዎቹ የሚያነሡት ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለምና አስቀድሜ እርሱን ልመርምር።

የነቃፊዎቹ ምክንያት

ሥራ ሁሉ የሚለካው በኒያ ነው። ሰው የሚጥመውን ብቻ እየመረጠ ከሠራ ጣዕሙ ባለቀ ጊዜ ሥራውም ያልቃል። ሕፃናትን ማስተማር ደስ ይላል፤ ልጆቹ «ኡስታዝ» እያሉ ይከባሉ፣ ወላጆችም ይመርቃሉ። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንትን ገላ ማጠብ ግን አያስቅም፤ አንዳንድ ጊዜም ከምስጋና ይልቅ ቁጣ ያተርፋል። በረመዳን ቴምርና ሾርባ የሚያድል ወጣት ሞልቷል፤ ሰው አፍጥሮ ከተነሣ በኋላ ምንጣፍ የሚያራግፍና ድስት የሚያጥብ ግን ጥቂት ነው። ሁሉም የሚስማማውን ከመረጠ የማይስማማውን ማን ይሠራዋል? ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። በዕድሜ የገፋን ሰዎች «በጎ ፈቃድ» የሚለውን ነገር የተዋወቅነው ከትእዛዝ ጋር ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። በእነዚያ ዘመቻዎች ብዙ ሰው ፊደል ቆጥሯል፤ ጥቅማቸውን አልክድም። ነገር ግን በቀበሌው ስብሰባ ላይ «ፈቃደኛ» የሚባለው ስሙ አስቀድሞ በዝርዝር የተጻፈው ሰው ነበር። «የውዴታ ግዴታ» የሚለው አባባል የቀረልን ከዚያ ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ «ይህ ይስማማኛል፣ ያ አይስማማኝም» ማለት ከዘመቻው ማፈግፈግ ነበር። ዘመኑ ቢያልፍም አስተሳሰቡ በብዙዎቻችን ዘንድ ቀርቷል። በጎ ፈቃደኛን እንደ ዘማች እንቆጥረዋለን፤ ወደ ተመደበበት ይሂድ እንላለን።

የበጎ ፈቃድ ሥራ ግን ዘመቻ አይደለም። ዘማች አዛዥ አለው፣ ቀለብ ይሰፈርለታል፣ ቢደክምም መመለሻ የለውም። በጎ ፈቃደኛ ከቤቱ ወጥቶ የሚመጣው በራሱ ውሳኔ ነው፤ ነገ ላለመምጣትም የሚከለክለው የለም። ስለዚህ ሥራውን አጽንቶ የሚይዝለት ነገር ያስፈልገዋል። ኢኽላስ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥራው ከችሎታው፣ ከጊዜውና ከጠባዩ ጋር መግጠሙ ነው።

ቅን ልብ ብቻውን ይበቃልን?

አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ስለ እውነተኛነቱ የመሰከሩለት ሰው ነው። ኢኽላስ ጎድሎታል ሊል የሚደፍር የለም። ሹመት በጠየቀ ጊዜ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትከሻውን መታ አድርገው ለዚህ ነገር ደካማ መሆኑን፣ ነገሩም አማና መሆኑን ነገሩት። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ በሁለት ሰዎች ላይ እንኳ አለቃ እንዳይሆን፣ የየቲምንም ገንዘብ እንዳይረከብ መከሩት። ልብ በሉ፤ የየቲምን ገንዘብ መጠበቅ ከታላላቅ በጎ ሥራዎች አንዱ ነው። ተመካሪውም በእውነተኛነቱ የታወቀ ሰው ነው። ሆኖም ቅንነቱ ብቻ ለዚያ ሥራ እንደማያበቃው በግልጽ ተነገረው። ምክሩ ለአቡ ዘር ውርደት አልነበረም፤ ለእርሱም ለየቲሙም መታዘን ነበር።

የአዛንን ታሪክም እንመልከት። ቃሉን በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ የቢላል ድምፅ ከእርሱ የተሻለ ነበርና። ነገሩ የመጣለት አንዱ፣ ሥራው የተሰጠው ለሌላው ሆነ። በእኛ ማኅበራት ውስጥ ግን ሐሳቡን ያመነጨ ሰው ሥራውንም ገንዘቡንም መድረኩንም ጠቅልሎ ካልያዘ የሚቀየምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ.) ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲመጡ ገና ልጅ ነበር። የማስታወስ ችሎታው ታይቶ የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ታዘዘ፤ በግማሽ ወር ገደማ ተማረው። ከዚያ በኋላ የሚጻጻፈውና የሚያነበው እርሱ ሆነ። በኋላም በአቡ በክር (ረ.ዐ.) ዘመን ቁርኣንን በአንድነት የመሰብሰቡ ከባድ ኃላፊነት የተጣለበት በእርሱ ላይ ነው። ይህ ልጅ «ሁሉም የሚሠራውን ሥራ» ተብሎ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ ያ ተሰጥኦ ሳይታይ በቀረ ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች የምረዳው «የሚስማማ» ማለት «የሚጥም» ማለት አለመሆኑን ነው። የሚስማማኝ ሥራ የሚባለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ተረጂው በእኔ እጅ የማይጎዳበት፤ ሁለተኛ፣ ከሌላው ሥራ ይልቅ በእኔ በኩል የበለጠ የሚጠቀምበት፤ ሦስተኛ፣ እኔም ሳልሰበር ልዘልቅበት የምችለው ሲሆን ነው። እንዲህ ከተረዳነው መምረጥ የሚጀምረው ከተረጂው እንጂ ከመራጩ አይደለም።

ሳይችሉ መያዝ የሚያመጣው ጉዳት

«ምንም ካለማድረግ ትንሽም ቢሆን ማድረግ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ አይሻልም። በየሰፈሩ በበጎ ፈቃደኞች የሚሰጠውን የማጠናከሪያ ትምህርት እንውሰድ። ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ሒሳብ ማስተማር አይችልም። ልጁ ሦስት ጊዜ ተነግሮት ሳይገባው ሲቀር የሚቆጣ አስተማሪ፣ ያ ልጅ ስለ ራሱ ሲጠረጥር የኖረውን ክፉ ነገር ያረጋግጥለታል። ደመወዝ የሚከፈለው መምህር ቢሆን ወላጅ ይከሰዋል፣ ርእሰ መምህሩ ይገሥጸዋል። በነፃ የሚያስተምረውን ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል? «ለአላህ ብሎ ነው የሚመጣው» ተብሎ ይታለፋል። በጎ ፈቃደኛ ራሱን እንዲመረምር ከደመወዝተኛው ይልቅ የሚገደደው ለዚህ ነው፤ ሌላ የሚመረምረው የለውምና።

የየቲሞችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ወላጁን ያጣ ሕፃን አንድ ወጣት ሦስት ቅዳሜ እየመጣ አጫውቶት በአራተኛው ቢጠፋ፣ ወጣቱ የሚያስበው ሥራ እንደ በዛበት ነው። ሕፃኑ ግን በር በሩን እያየ ይውላል። መሄድና መቅረት ምን እንደ ሆነ ከማንም በላይ ያውቃልና። እንዲህ ላለ ልጅ ደርሶ ከሚጠፋ ሰው ይልቅ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ፣ ነገር ግን የማይቀር ሰው ይሻለዋል። አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ትምህርት በሶላትና በዚክር ላይ እንጂ በሰው አገልግሎት ላይ ብዙ ጊዜ አናስበውም።

ሦስተኛው ምሳሌ ምስጢር ነው። በረመዳንና በዒድ ሰሞን እርዳታ ለማድረስ ችግረኞችን የሚመዘግቡ ወጣቶች ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ቁርኣን ሰውን የማያስቸግሩ፣ ከጨዋነታቸው የተነሣ የማያውቃቸው ሰው ባለጸጋ የሚያስባቸው ድሆች መኖራቸውን ይነግረናል። እነዚህ ሰዎች በራቸውን ከፍተው ድስታቸው ባዶ መሆኑን ለአንድ ወጣት ካሳዩ ትልቅ አደራ ሰጥተውታል። ምላሱ የማያርፍ ሰው ሌላ መቶ መልካም ጠባይ ቢኖረውም ይህ ሥራ አይስማማውም። እሩዝ ይሸከም፣ ዘይት ያመላልስ፣ መኪና ያስጭን። መዝገቡን ግን አይያዝ። የእርዳታ ካርቶን የተቀበሉ እናትን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ ማሳየትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸት እንደሚቻል ቁርኣን አስጠንቅቋል፤ ያች ፎቶግራፍ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታደርጋለች።

ጀናዛውን ማን ያጥባል?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልመለስ። ሁሉም የሚስማማውን ከያዘ፣ ማንም የማይወደው ሥራ ምን ይሆናል? ምሳሌ የማደርገው የጀናዛ ትጥበትን ነው። በከተማችን ሰው ሲሞት ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ለቀስተኛውም ይጎርፋል። አጣቢው ግን ይፈለጋል። በብዙ ሰፈር ይህን ሥራ የሚያውቁት አንድ ሁለት አዛውንቶች ናቸው። ከሴቶች በኩል ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ ሴትን ሴት ልታጥብ ይገባልና አንዲት እናት ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲጠሩ ይውላሉ።

የጀናዛ ጉዳይ ፈርድ ኪፋያ ነው። የተወሰኑ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው ላይ ይነሣል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ይህን ክፍል ብቻ ነው፤ ለመተኛትም እንደ ትራስ እንጠቀምበታለን። የሕጉ ቀሪ ክፍል ግን ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቃል የሚል ነው። ስለዚህ «ሌላ ሰው ይሠራዋል» ማለት የምችለው ያ ሌላ ሰው መኖሩን ካረጋገጥሁ ብቻ ነው። በሰፈራችሁ ጀናዛ የሚያጥቡ ስንት ሰዎች አሉ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከእነርሱ በኋላስ ተተኪው ማን ነው? መልሱን የማያውቅ ሰው ግዴታው ተነሥቶለታል ብሎ በሙሉ ልብ ሊናገር አይችልም።

ታዲያ ይህ ሁሉም ሰው አጣቢ ይሁን ማለት ነው? አይደለም። ነገር ግን «አይስማማኝም» የሚለውን ቃል መፈተሽ አለብን። በዚህ ቃል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደበቃሉ። «አልችልም»፣ «አልለመድሁም» እና «አልወድም»። የመጀመሪያው እውነተኛ ምክንያት ነው። አስከሬን ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው አለ፤ ልጇን በቅርብ የቀበረች እናት አለች፤ እነርሱን ማስገደድ ግፍ ነው። ሁለተኛው በትምህርት የሚድን ነው። ሰው የሚፈራው ብዙውን ጊዜ ሬሳውን ሳይሆን አለማወቁን ነው። ትጥበቱ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ሐፍረተ ገላው እንደ ተሸፈነ በቀኝ በኩል ይጀመራል፤ በውሃና በቁርቁራ ቅጠል ቁጥሩ ጎዶሎ ሆኖ ይታጠባል፤ በመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉር ይጨመራል፤ ከዚያም ወንድ በሦስት ጨርቅ፣ ሴት በአምስት ትከፈናለች። ይህን ያወቀ ሰው መጀመሪያ ውሃ በማቅረብ፣ ጨርቅ በመያዝ፣ ከፈን በመቅደድ ይጀምራል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ እጁ መንቀጥቀጡን ይተዋል። ትናንት የማይስማማው ሥራ ዛሬ ተስማማው ማለት ነው። መስማማት ከእናት ማኅፀን ይዘነው የምንወጣው ነገር ብቻ ሳይሆን የምንማረውም ነው።

ሦስተኛው፣ «አልወድም» የሚለው፣ ምክንያት አይሆንም። ማንም የማይወደውን ሥራ ሁሉም በተራ ሊካፈለው ይገባል። ዕድር ይህን በተግባር ያውቀዋል። ቁጥር የሚያውቀው ገንዘብ ያዥ ይሆናል፣ ጽሕፈቱ ያማረው ጸሐፊ፣ አንደበቱ የሚያስማማው ዳኛ፣ ድምፁ የጎላው ጡሩምባ ነፊ። ድንኳን መትከልና ዕቃ መሸከም ግን የሁሉም ተራ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። በአንድ ማኅበር ውስጥ ተሰጥኦ የሚጠይቀው ሥራ ለባለ ተሰጥኦው፣ ጉልበትና ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቀው ደግሞ ለሁሉም በእኩል ይደለደላል ማለት ነው። የነቃፊዎቹ ጥያቄ በዚህ የሚመለስ ይመስለኛል። ስህተቱ የሚመጣው መምረጥን ከተራ ማምለጫ ስናደርገው ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ትጠርግ የነበረችውን ሴት እናስታውስ። ሞታ በሌሊት ስትቀበር ለነቢዩ መንገር አስፈላጊ መስሎ የታየው ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን አጥተዋት ጠየቁ፤ ባለመነገራቸውም ወቀሱ፤ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሰገዱባት። ሌላው እንደ ተራ ነገር የቆጠረውን ሥራ እርሳቸው አልናቁትም።

የሚስማማውን እንዴት እናገኘዋለን?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ምን ያስመሰግናል?» ሳይሆን «በእጄ ላይ ምን አለ?» የሚለው ነው። ሰው በእጁ ያለውን ሀብት ብዙ ጊዜ ሀብት ብሎ አይቆጥረውም። ቋንቋ አንዱ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ስፍራ ነበር፤ ሕመምተኛው ከአገሪቱ አራት ማዕዘን ይመጣበት ነበር። ዛሬም በከተማችን ትላልቅ ሆስፒታሎች ከሩቅ ገጠር የመጡ፣ አማርኛ የማይችሉ፣ የካርድ ክፍሉን ከላቦራቶሪው መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ስልጥኛ ወይም አፋርኛ የሚናገር ስንት ሰው አለ! በሳምንት አንድ ጠዋት ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግሮ እነዚህን ሰዎች ከመስኮት ወደ መስኮት ቢመራና ቢያስተረጉም የሚሰጠው እርዳታ በገንዘብ አይተመንም። ይህም ቢሆን ሥነ ሥርዓት አለው። አስተርጓሚ ሐኪሙ ያላለውን አይጨምርም፣ ያለውንም አያለዝብም፣ የሰማውንም ውጭ አያወራም። እርሱ ባይኖር የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ የሕመምተኛዋ ትንሽ ልጅ ነው። ልጅ ስለ እናቱ ክፉ ሕመም ከሐኪም አፍ ተቀብሎ ለእናቱ እንዲነግር ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አስቡት።

የሒሳብ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። በጎ ሥራ ሲባል የሚታየው እሩዝ ማደል ስለ ሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ ሲሸከም ይውላል። ያ ጥሩ ነው፤ ጆንያ የሚሸከም ግን አይጠፋም። ብዙ ኮሚቴ የሚፈርሰው በሌብነት ሳይሆን በጥርጣሬ ነው። ደረሰኝ በሥርዓቱ አይቆረጥም፣ ገቢና ወጪ በመዝገብ አይሰፍርም፣ መዝገቡ ከባንኩ ሒሳብ ጋር አይመሳከርም። ከዚያ ሐሜት ይጀመራል፤ ሰጪውም እጁን ይሰበስባል። ያ የሒሳብ ሠራተኛ በወር አንድ ማታ ተቀምጦ መዝገቡን ቢያስተካክል ከሃምሳ ጆንያ በላይ ተሸከመ እላለሁ።

ጊዜም ችሎታም የለኝም የሚል ሰው ደም ይስጥ። በአገራችን ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። ደም እንደ እህል በጎተራ አይከማችም። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀናት ነው፤ ለካንሰር ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ገደማ ብቻ። ስለዚህ አንድ ቀን በሰልፍ ተሰጥቶ ለዓመት የሚበቃ ደም የለም፤ በየጊዜው የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል። በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት ረመዳንን ወይም ሁዳዴን ጠብቃ አትወልድም። ለጋሹ ደግሞ በጾም ወራትና ተማሪዎች በሚበተኑበት ክረምት ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከጾሙ በፊት ባለው ሳምንት ወይም ካፈጠረ በኋላ ቢሰጥ፣ ሰዓቱንም ቦታውንም የመረጠው ለነፍሱ ሳይሆን ለችግሩ ነው።

ባለ መኪናውም ያስብ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ለእጥበት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ከእጥበት ሲወጣ አቅሙ ይዝላል፤ ታክሲ ተጋፍቶ መሳፈር አይችልም። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድን ሕመምተኛ ወደ ቤቱ መመለስ ስብሰባ አያስፈልገውም፣ ማኅተምም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል። በአንድ ጊዜ የአራት ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው አራቱንም ይበድላል። ቤቱን ደግሞ አምስተኛ አድርጎ ይበድላል። ዑስማን (ረ.ዐ.) ከበድር የቀረው የታመመች ባለቤቱን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያን፣ ሊያስታምም ነበር። ነቢዩም የበድርን ዘማች አጅርና ድርሻ እንደሚያገኝ ነገሩት። ሰልማንም (ረ.ዐ.) ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ እያንዳንዳቸው ሐቅ እንዳላቸው ሲያስታውሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጽድቀውለታል። አሮጊት እናቱን ለብቻቸው ትቶ የሌላ ሰፈር አረጋውያንን የሚጦር ሰው ሥራ ሲመርጥ የመጀመሪያውን መስመር ዘሏል። በቤት ያለ አገልግሎት ስም አይሰጠውም፣ የምስክር ወረቀትም የለውም። አገልግሎት አይደለም ያለው ግን ማን ነው?

ሦስተኛው ተረጂውን መጠየቅ ነው። ይህን የምንረሳው እኛ ሰጪዎች ነን። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ከልብስ ይልቅ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ይፈልጉ ይሆናል። የብቸኛ አዛውንት ችግር ምግብ ሳይሆን ጡረታቸውን ለመቀበል የሚያጅባቸው ሰው ማጣት ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቁ የሰጡት ስጦታ ብዙ ጊዜ የሰጪውን ልክ እንጂ የተቀባዩን ልክ አይደለም።

ከዚያ በኋላ መሞከር ነው። ስትጀምሩ የዕድሜ ልክ ቃል አትግቡ፤ «ሦስት ወር እሠራለሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» በሉ። ይህ ከኢኽላስ የሚጻረር አይደለም፤ የቃል አክባሪነት መጀመሪያ ነው። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ድካማችሁን ሳይሆን ተረጂውን መርምሩ። በእኔ መምጣት ምን ተለወጠ? ነገ ብቀር ምን ይጎድላል? ምንም የማይጎድል ከሆነ የእናንተ ቦታ ሌላ ዘንድ ነው። ስትለቁም ተተኪ አሳዩ፣ መዝገብ አስረክቡ፣ ልጆቹን ተሰናበቱ። የመልቀቅ አደብ ከመጀመር አደብ አያንስም።

ለኮሚቴዎችና ለማኅበራት አስተባባሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። የመጣላችሁን ሰው ሁሉ በጎደለው ቀዳዳ ላይ አትወትፉት። አንዲት ደቂቃ ወስዳችሁ «ምን ታውቃለህ? መቼ ትችላለህ? ምን ይከብድሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ሰው ከበጎ ሥራ የሸሸው ሥራውን ጠልቶ ሳይሆን በማይችለው ቦታ ቆሞ ስለ ተዋረደ ነው። ለማይሆነው ሰው «ይህ ለአንተ አይደለም» ማለትንም ልመዱ። ለአቡ ዘር የተነገረው ቃል እንዲህ ያለ ነበር፤ የነገሩትም ለሰው አዛኝ የነበሩት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው።

«የትኛው ይሆነኛል?» ብለህ የጠየቅኸኝ ወንድሜ፣ የጠየቅሽኝ እህቴ፤ በጥያቄያችሁ አትፈሩ። ጥያቄው ነውር የለበትም። ነውሩ መልሱን ፍለጋ ብለን ዓመታት ተቀምጠን ማሳለፋችን ነው። ሥራ በቤት ተቀምጦ ሲታሰብ ሁሉም ይከብዳል ወይም ሁሉም ያምራል፤ ልኩ የሚታወቀው ሲለብሱት ነው። በዚህ ሳምንት በቅርባችሁ ያለውን አንድ ችግር ምረጡ፤ እጃችሁ የሚያውቀውን ይዛችሁ ሂዱ። ተራ ሲደርሳችሁ ደግሞ ምንጣፉንም አራግፉ። አላህ (ሱ.ወ.) ጥቂቱን የሚዘወተር ያድርግልን፤ የማንችለውንም አደራ ከመሸከም ይጠብቀን።

ወላሁ አዕለም።